የሙካሟ እመቤትና የሲኒማው ሞይዲን

«የህንድ ፊልም» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የቦምቤይን ነው፤ በሂንዲ የሚነገረውን፣ አሚታብ ባችቻንና ሻህሩክ ካን የነገሡበትን። ህንድ ግን አንድ ሲኒማ ብቻ የላትም። ታሚሉ የራሱ አለው፣ ቴሉጉው የራሱ አለው፣ ቤንጋሊውም እንዲሁ። በደቡብ ምዕራቡ ጥግ፣ በአረብ ባሕር ዳር በተዘረጋችው በኬረላ የሚሠራው ደግሞ የማላያላም ሲኒማ ይባላል። ኬረላ ለኢትዮጵያዊ ፍጹም ባዳ አይደለችም። በንጉሡ ዘመንና ከዚያም በኋላ በየክፍለ ሀገሩ ሂሳብና ሳይንስ ሲያስተምሩ ከነበሩት «ህንዶች» ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ነበሩ። ዛሬም ዱባይ ወይም ዶሃ የሚሠራ አበሻ ባለሱቁ፣ የሥራ ባልደረባው ወይም ሹፌሩ ማላያሊ የመሆኑ ነገር የተለመደ ነው። ፊልማቸውን ግን ብዙም አናውቀውም።

2015 ለማላያላም የፍቅር ፊልም የጥጋብ ዓመት ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሜይ ወር ማብቂያ «ፕሬማም» ወጣ። ቃሉ «ፍቅር» ማለት ነው። አንድ ልጅ ከጉርምስናው እስከ ጎልማሳነቱ ሦስት ሴቶችን በየተራ ሲወድ ያሳያል፤ ቀልዱ ብዙ፣ ዘፈኑ ጥሩ፣ ሐዘኑ አጭር ነው። የኬረላ የኮሌጅ ተማሪዎች ዋናው ተዋናይ ኒቪን ፖሊ እንደለበሰው ጥቁር ሸሚዝ ከነጭ ሽርጥ ጋር ለብሰው የኦናምን በዓል እስከ ማክበር ደረሱ። ከአራት ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ ሌላ የፍቅር ፊልም መጣ፤ «ኤንኑ ኒንቴ ሞይዲን»። ርእሱ ከደብዳቤ መዝጊያ የተወሰደ ነው። በአማርኛ «ያንቺው ሞይዲን» ቢባል ልክ ይመጣል።

ሁለቱም ገንዘብ አመጡ፣ ሁለቱም ተወደዱ። የፕሬማም ጉድለት ቢኖርም (አስተማሪውን የሚከጅል ተማሪ አለበት፣ ክፍል ውስጥ ጠጥቶ የሚገባም አለበት) ማንም በሕይወት ያለ ሰው «ይሄ የኔ ኑሮ ነው፣ አበላሻችሁት» ብሎ አልተነሳበትም። በሞይዲን ላይ የተነሳ ሰው አለ። የተነሱትም ራሳቸው የፊልሙ ባለታሪክ ናቸው።

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለው። ፊልሙ ውስጥ ያለችውን ካንቻና «እሷ» ማለት ይቻላል። በሙካም ከተማ የኖሩትን ካንቻናማላን ግን በእድሜያቸውም ባሳለፉትም ኑሮ «እሳቸው» ማለት ግድ ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው የፊልሙን ብርታትም ድክመትም ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ «እሷ» የተባለችው የሲኒማዋ፣ «እሳቸው» የተባሉት የእውነቷ ናቸው።

እውነተኛው ታሪክ ይህ ነው። ሙካም በኮዚኮድ አውራጃ፣ በኢሩቫንጂ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ቢ ፒ ሞይዲን የአንድ ባለጸጋና የተከበሩ ሙስሊም ልጅ ነበር። ካንቻናማላ ደግሞ ስም ካለው የሂንዱ ቤተሰብ ናቸው። ሁለቱ ከልጅነት ይተዋወቃሉ፤ ጎልማሶች ሲሆኑ ተዋደዱ። ነገሩ ሲታወቅ የካንቻናማላ ቤተሰብ ከትምህርታቸው አስቀርቶ ቤት ዘጋባቸው። ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ዓመት አይደለም፤ ወጣትነታቸው እስኪያልፍ ድረስ ነው። ሁለቱ ሌላ ሰው ሊያነበው የማይችል የራሳቸውን የምስጢር ጽሕፈት ፈጥረው በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። ሞይዲን በበኩሉ ከአባቱ ጋር ተጣላ፣ ከቤት ወጣ፣ በፖለቲካውም በማኅበራዊ ሥራውም የከተማው ሰው ሆነ። አላገባም። እሳቸውም አላገቡም። ጁላይ 15 ቀን 1982፣ ክረምቱ በበረታበት ወቅት፣ ኢሩቫንጂ ላይ ጀልባ ተገለበጠ። ሞይዲን ሌሎቹን ሲያወጣ ወንዙ እሱን ወሰደው። ከዚያ በኋላ የሞይዲን እናት ካንቻናማላን እንደ ምራት፣ እንደ ልጃቸው መበለት ቆጥረው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። ጋብቻ ሳይኖር መበለትነት መጣ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያገኘ የፊልም ሰው ዝም ብሎ ቢተወው ነበር የሚገርመው። ዳይሬክተሩ አር ኤስ ቪማል ደግሞ ድንገት የደረሰበት ሰው አይደለም። ከፊልሙ ዓመታት በፊት ስለ ካንቻናማላ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፤ ርእሱ «በውኃ የቆሰለችው» እንደማለት ነው። ቤታቸው ገብቷል፣ አምነው አጫውተውታል። ይህ ነገር ኋላ ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ ጥሩውን። ፊልሙን የተሸከመችው ፓርቫቲ ናት። ካንቻና በታሪኩ ውስጥ የምታደርገው ነገር ጥቂት ነው፤ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፣ ትጽፋለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ትደበደባለች፣ ትጠብቃለች። ለደካማ ተዋናይ ይህ ወጥመድ ነው፤ ወይ ማልቀስ ይበዛል፣ ወይ ሐውልት መሆን ይመጣል። ፓርቫቲ ሁለቱንም አታደርግም። ዓመታቱ ሲያልፉ በፊቷ ላይ ከሚቀባው ሜካፕ ይልቅ በአካሄዷና በድምፅዋ ነው የሚታወቀው። መጀመሪያ ላይ የሚያብለጨልጭ ዓይን ያላት ልጅ፣ በኋላ ቃል ከመናገሯ በፊት የምታስብ ሴት ትሆናለች። የኬረላ መንግሥት በዚያ ዓመት የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ለዚህና «ቻርሊ» ለተባለው ፊልሟ ሲሰጣት የተከራከረ ብዙ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ውኃው ነው። የጆሞን ቲ ጆን ካሜራ ዝናብን ጌጥ አድርጎ አያሳይም (የህንድ የፍቅር ፊልም ውስጥ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ለዘፈንና ለረጠበ ሳሪ ነው የሚመጣው)። እዚህ ዝናቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስፈራል። የኬረላ ተመልካች መጨረሻውን ያውቀዋል፤ ታሪኩ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፣ ዘጋቢ ፊልም ሆኗል። ሞይዲን ወንዝ እንደሚወስደው እያወቀ ነው ቲኬት የሚቆርጠው። ስለዚህ ፊልሙ «ምን ይሆን?» የሚል ጥያቄ የለውም። ያለው «መቼ?» የሚል ብቻ ነው። ወንዙ በታየ ቁጥር ልብ ይጨነቃል። መጨረሻው የታወቀን ታሪክ እንዲህ አድርጎ ማስጨነቅ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ትልቁ፣ ፍቅሩ በወረቀት ላይ መኖሩ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች አብረው የሚታዩበት ጊዜ ከፊልሙ ርዝመት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የሚነካኩበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የፊልሙ ፍቅር የደብዳቤ ፍቅር ነው፤ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ፊደል። ቤተሰብ በሩን ይዘጋል፣ ወንድም ይጠብቃል፣ ወረቀቱ ቢያዝ እንኳ የሚያነበው የለም። ለሦስት ሺህ ቁምነገር አንድ መሳሳም የሚበቃው ሲኒማ ባለበት ዘመን፣ ሙሉ ፍቅርን በብዕር ድምፅ ማሳየት ድፍረት ይጠይቃል። ኤም ጃያቻንድራን ለጻፈው የመጠበቅ ዘፈን በዚያ ዓመት የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ማግኘቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ሽሬያ ጎሻል የዘፈነችው ያ ዘፈን አንድን ክፍልና አንዲትን ሴት ይዞ ዓመታትን ያሳልፋል።

በአጃቢዎቹ በኩልም ፊልሙ ሀብታም ነው። ቶቪኖ ቶማስ ያን ጊዜ ገና ስሙ ያልገነነ ነበር። ካንቻናን ሊያገባ የሚመጣውን፣ እውነቱ ሲነገረው ግን ራሱን የሚያገለውን ሰው ይጫወታል። ብዙ የፍቅር ፊልም ይህን ሰው ወይ ባለጌ፣ ወይ ጅል ያደርገዋል። ይሄኛው ሰው አድርጎታል። የሞይዲንን እናት የምትጫወተው ሊና ደግሞ የፕሪትቪራጅ እኩያ ናት፤ ልጄ እያለች የምታቅፈው የእድሜዋን ሰው ነው። ግን ታሳምናለች። ከባሏ ይልቅ ከልጇ ጎን ስትቆም የምትከፍለው ዋጋ በሁለት በሦስት እይታ ያልቃል፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አባትየውስ? ሳይ ኩማር የሚጫወተው የሞይዲን አባት የፊልሙ ከባዱ ሰው ነው። ልጁን ይወዳል፣ በልጁ ይኮራል፣ ልጁን በቢላ ይወጋል። ልጁ ከሞት ተርፎ አባቱን ለሕግ አሳልፎ አለመስጠቱ ደግሞ አባትየውን ከቢላው በባሰ ይጎዳዋል። ትዕይንቱ በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል። ነገር ግን ቅሬታውም የሚጀምረው እዚሁ ሰፈር ነው።

የፊልሙ የመጀመሪያ ድክመት የሚታይ ነው። ሞይዲንን የሚጫወተው ፕሪትቪራጅ ሱኩማራን ትልቅ ኮከብ ነው፤ ፊልሙም ይህን ሊረሳ አልቻለም። ሞይዲን በገባ ቁጥር ሙዚቃው ቀድሞት ይገባል። ጭቃ ላይ ኳስ ሲጫወት ጀግና ነው፣ ሲናገር ጀግና ነው፣ ሲራመድ ጀግና ነው። እውነተኛው ሞይዲን ያለዚህ ሁሉ ግርግር በቂ ነበር። የሰው ነፍስ ለማዳን ወንዝ ውስጥ ገብቶ የሞተ ሰው በዝግታ የሚንቀሳቀስ ምስል አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ ሰውየው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ሐውልት ከሆነ፣ በመጨረሻው ሰዓት ሰው ሆኖ ሲሰምጥ ተመልካቹ የሚያጣው ነገር ይቀንሳል። ፓርቫቲ ሰው ስትጫወት ፕሪትቪራጅ ትዝታ ይጫወታል። እሱ መጥፎ ተዋናይ ሆኖ አይደለም፤ የተሰጠው ይህ ነው።

ርዝመቱም አለ። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል፤ ሰላሳ ደቂቃው ቢወጣ የሚጎድለው ነገር የለም። መጠበቅን ለማሳየት ተመልካቹንም ማስጠበቅ ያስፈልጋል የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። የሚረዝመው ግን መጠበቁ አይደለም። የሚረዝሙት ዘፈኖቹና የጀግናው መግቢያዎች ናቸው።

እነዚህ የሲኒማ ጥፋቶች ናቸው፤ ማንንም አይጎዱም። ቀጣዩ ግን ከበድ ይላል።

አንዲት ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ትምህርቷ ተቋርጦ፣ እየተደበደበች፣ ለብዙ ዓመታት በቤተሰቧ ታስራ ኖረች። ይህን ዓረፍተ ነገር ያለ ሙዚቃ ላነበበው ሰው ወንጀል ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን ፈተና ነው፤ ፍቅሯ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ የሚለካበት መለኪያ። የክፍሏ ብርሃን ያምራል፣ መስኮቱ ያምራል፣ ዝናቡ ያምራል፣ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ የሚያይ ሰው «እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ የት ይገኛል!» ብሎ ይወጣል። «እነዚህ ወንድሞች ለምን አልተከሰሱም?» ብሎ የሚወጣ ይኑር አይኑር ያጠራጥራል፤ ፊልሙ ወደዚያ ጥያቄ የሚወስድ በር አይከፍትም። ህንድ በ1954 ያወጣችው ልዩ የጋብቻ ሕግ አለ። የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ሁለት ሰዎች ማንም ሃይማኖቱን ሳይቀይር በመንግሥት ፊት እንዲጋቡ ይፈቅዳል። ሞይዲንና ካንቻናማላ ሲዋደዱ ሕጉ ነበረ። ሁለቱን ከሕጉ የለያቸው የአንድ ቤት በር ነው። የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንደነበረ ፊልሙ ያሳያል፤ ማን ሊያስከፍተው ይገባ እንደነበር ግን አይጠይቅም። በዚያ ፊልም ውስጥ መንግሥት የሚባል ነገር ለካንቻና የለም።

እውነት ነው፣ በዚያን ጊዜም አልነበረም። በአንድ ትንሽ ከተማ የአንድ የተከበረ ቤተሰብን በር የሚያንኳኳ ፖሊስ በስድሳዎቹ ከየት ይመጣል? ፊልሙ ዘመኑን አሳየ ቢባል መልስ ነው። ግን ፊልሙ የተሠራው በ2015፣ ለ2015 ተመልካች ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኬረላ ውስጥ የሆነውን ማየት ይበቃል።

ሃዲያ የምትባል የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። ከሂንዱ ቤተሰብ ተወልዳ እስልምናን የተቀበለች፣ የሆሚዮፓቲ ሕክምና ተማሪ፣ በኋላም ሙስሊም ባል ያገባች። አባቷ ፍርድ ቤት ሄዱ። የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜይ 2017 ጋብቻውን ሰረዘው፤ ልጅቷንም ለወላጆቿ አስረከባት። ለወራት ከወላጆቿ ቤት መውጣት አልቻለችም። ኖቬምበር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትምህርቷን እንድትቀጥል ካዘዘ በኋላ ነው የወጣችው፤ ማርች 8 ቀን 2018 ደግሞ ጋብቻዋ እንደገና ጸና። የሁለቱ ታሪክ አንድ አይደለም። ሃዲያ ሃይማኖቷን ቀይራለች፣ ካንቻናማላ አልቀየሩም። ሃዲያን ቤት ያስቀመጣት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፣ ካንቻናማላን ያሰሯቸው ዘመዶቻቸው ናቸው። ክፍሉ ግን ያው ክፍል ነው። ጎልማሳ ሴት፣ የተዘጋ በር፣ «ለሷ ብለን ነው» የሚል ቤተሰብ።

ሞይዲንን አይቶ ያለቀሰ ተመልካች ከሁለት ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ሃዲያን ሲያይ ምን አለ? መልሱ እንደ ሰውዬው ነው። «የፍቅር ጂሃድ» የሚለው አባባል፣ ማለትም ሙስሊም ወጣቶች የሌላ እምነት ሴቶችን በፍቅር አጥምደው ያሰልማሉ የሚለው ክስ፣ ኬረላ ውስጥ ቢያንስ ከ2009 ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው 55 ያህሉ ሂንዱ፣ 27 ያህሉ ሙስሊም፣ 18 ያህሉ ክርስቲያን በሆነበት ግዛት ይህ ወሬ ቀላል ወሬ አይደለም። በ2023 «ዘ ኬረላ ስቶሪ» የሚል የሂንዲ ፊልም ወጣ። ማስታወቂያው 32,000 የኬረላ ሴቶች እንዲህ ባለ መንገድ ጠፉ አለ። ጥያቄ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ ሦስት ሴቶች ታሪክ ወረደ። ከ32,000 ወደ 3! ፊልሙ ግን በሌሎቹ የህንድ ግዛቶች ሲኒማ ቤት ሞላ።

ከዚህ ፊልም ጎን ሲቀመጥ የሞይዲን ዋጋ ከፍ ይላል፤ ይህን መካድ ደግ አይደለም። በሞይዲን ውስጥ ጠቡን የሚመሩት የሃይማኖት ሰዎች አይደሉም፤ አባቶችና ወንድሞች ናቸው። ሙስሊሙም ሂንዱውም አባት በአንድ ዓይነት ትዕቢት፣ በአንድ ዓይነት የስም ፍርሃት ነው የሚንቀሳቀሱት። ሞይዲን ካንቻናን ሃይማኖትሽን ቀይሪ አይላትም፤ እሷም አትለውም። ሙስሊም ወጣት የሂንዱ ሴት ወድዶ፣ እስከ ሞት ታምኖ፣ ሳያሰልም፣ ሳይነካ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ሲያድን ሞተ። ይህን ለማሳየት ፊልሙ አንድም ስብከት አልተጠቀመም። ብዙ «አንድነት» የሚሰብኩ ፊልሞች ያልቻሉት ነገር ነው።

ታዲያ ካንቻናማላ ለምን ተቃወሙት?

ፊልሙ ገና ሳይወጣ ነው ቅሬታው የተነሳው። ታሪካቸውና የሞይዲን ታሪክ ተዛብቷል ብለው በይፋ ተናገሩ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስከ መድረስ ሄደ። ፊልሙ ወጣ፣ ተወደደ፣ አሸነፈ። እሳቸው ግን ሃሳባቸውን አልቀየሩም። ይህን የሰማ አድናቂ ግራ ይጋባል። ለእሳቸው ክብር የተሠራ፣ እሳቸውን በመላው ህንድ ያስተዋወቀ፣ ሰዉን ያስለቀሰ ሥራ እንዴት ሊጠላ ይችላል?

መልሱ ከባድ አይደለም። ሰው የራሱን ሐዘን ሌላ ሰው አሳምሮ ሲነግርበት ደስ አይለውም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሟችን ያላወቀ አልቃሽ ስለ ሟች ከፍ አድርጎ ሲናገር እናትየው አንገቷን ትደፋለች። አልቃሹ ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚያለቅስለት ሰው ሌላ ስለሆነ ነው። በካንቻናማላ ዘንድ የሞይዲን አባት የፊልም ገጸ ባሕርይ አይደሉም፤ የሚያውቋቸው ሰው፣ ሞይዲን ይቅር ያላቸው አባት ናቸው። ያሰሯቸው ወንድሞችም ወንድሞች ናቸው። በደሉ የእሳቸው እንደሆነ ሁሉ ይቅርታውም የእሳቸው ነው፤ ምን ያህሉ ይነገር፣ ምን ያህሉ ይቅር የሚለውም እንደዚያው።

ለዳይሬክተሩ የሚቀርብ መከላከያ አለ፤ መስማትም ተገቢ ነው። ልብ ወለድ ፊልም ዘጋቢ ፊልም አይደለም። ሃያ ዓመት ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲጨመቅ የሚፈርስ ነገር ይኖራል፤ ሰዎች ይጠቀለላሉ፣ ጊዜ ይዘላል፣ ንግግር ይፈጠራል። በተጨማሪም ታሪኩ የካንቻናማላ ብቻ አይደለም። ሞይዲን የከተማው ሰው ነበር፣ ሞቱም የከተማው ሞት ነው፤ በጀልባው ላይ የነበሩትና የተረፉትም ታሪክ አላቸው። ስለ ሞተ ሰው ፊልም ለመሥራት የሚወደው ሰው ሁሉ ፈቃድ የግድ ከሆነ አንድም የታሪክ ፊልም አይሠራም።

ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን ፊልሙ ስሞቹን አልቀየረም። ሞይዲንም ሞይዲን ነው፣ ካንቻናማላም ካንቻናማላ ናት፣ ሙካምም ሙካም ናት። ስሙ ተቀይሮ፣ ከተማው ተቀይሮ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ቢባል ኖሮ ፊልሙ በጥበቡ በኩል ምን ያጣ ነበር? የፓርቫቲ ፊት ያው ነው። ዝናቡም፣ ወንዙም፣ የምስጢር ፊደሉም ያው ነው። የሚያጣው «ይህች ሴት አሁንም አለች፣ ሄዳችሁ ልታዩዋት ትችላላችሁ» የሚለውን ነው። ያ ደግሞ ጥበብ ሳይሆን ገበያ ነው። እውነተኛ ስም የተጠቀመ ሰው የእውነቱን ግዴታ አብሮ ይወስዳል፤ ስሙን ለእምነት፣ ፈጠራውን ለድራማ ብሎ ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። ዓመታት ቀድሞ ዘጋቢ ፊልም ሊሠራ ቤታቸው ለገባ ሰው ደግሞ ግዴታው የበለጠ ከባድ ነው። እንግዳ ቢሆን «አላወቀም» ይባል ነበር።

የስም ነገር ለሁለት ሃይማኖት ፍቅረኞች ህንድ ውስጥ ተራ ነገር እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ከላይ የተጠቀሰው የ1954ቱ ሕግ ሊጋቡ የሚፈልጉ ሰዎች የ30 ቀን ማስታወቂያ እንዲወጣላቸው ያዛል፤ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ነው ነገሩ። ስምና አድራሻ ይለጠፋል። ሕጉን ለፍቅር የተጠቀሙት ሰዎች በዚያው ሕግ ለዘመድም ለአሳዳጅም ይጋለጣሉ። ማስታወቂያዎቹ ኢንተርኔት ላይ ሲወጡ እየተሰበሰቡ ፍቅረኞቹን ማስፈራሪያ መሆናቸው ስለተደረሰበት የኬረላ መንግሥት በ2020 በድረ ገጹ ላይ መለጠፉን አቆመ። እንዲህ ባለ አገር የአንድን ሰው ፍቅር ከነስሙ፣ ከነከተማው ሸራ ላይ ማውጣት ምን እንደሆነ የፊልም ሰው አይጠፋውም።

አንድ ነገር ይቀራል። ከውዝግቡ ሁሉ ጀርባ ያለና ብዙም ያልተነገረለት ድክመት ነው።

ፊልሙ የሚያልቀው ካንቻና ወደ ሞይዲን ቤት ስትገባ ነው። እናትየው ትወስዳታለች፣ ሙዚቃው ይነሳል፣ ተመልካቹ ያለቅሳል፣ መብራቱ ይበራል። ለፍቅር ፊልም ልክ የሆነ መጨረሻ ነው፤ የጠበቀችው መጣ፣ ሳይሆን ቀረ፣ ቤቱን ግን አገኘች። ከዚያ በኋላ ያለው ለፊልሙ ታሪክ አይደለም።

ለካንቻናማላ ግን ዋናው ከዚያ ነው የጀመረው። በሞይዲን ስም የሚጠራ የአገልግሎት ማዕከል አቋቋሙ። ሴቶች የሚረዱበት፣ ሙያ የሚማሩበት፣ ችግር ያለበት የሚመጣበት ቤት። ሃያ ዓመት በር የተዘጋባቸው ሴት በራቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ለማዕከሉ ሕንፃ ሲያስፈልግ ገንዘቡን ሊሰጥ የተነሳው በፊልሙ ውስጥ ያልነበረ ሌላ የማላያላም ኮከብ ነበር። በዚያ ቤት የሚሠራው ሥራ ሸራ ላይ አያምርም። የልብስ ስፌት መኪና ላይ ዝናብ አይዘንብም፤ በባሏ የተደበደበች ሴት ስትመጣ፣ ተቀምጣ ስትናገር፣ ወረቀት ሲጻፍላት የሚዘፈን ዘፈን የለም።

ይህን ያላየ ፊልም ካንቻናን በመጠበቅ ብቻ ነው ያወቃት። ወንዱ ያደርጋል፣ ሴቷ ትጠብቃለች፤ ወንዱ ይሞታል፣ ሴቷ ታስታውሳለች። ፓርቫቲ ይህን አጥር በትወናዋ ልትዘለው ትሞክራለች፣ በብዙ ቦታም ትዘለዋለች፤ ጽሑፉ ግን አጥሩን አላነሳላትም። (ይችው ተዋናይት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ የማላያላም ሲኒማ ሴትን ስለሚያይበት ዓይን በአደባባይ ተናግራ የስድብ ዶፍ ወረደባት፤ በዚያው ዓመት የሲኒማ ሴቶች ማኅበር ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ካንቻናን ስትጫወት ምን እያሰበች እንደነበር መገመት አይከብድም።)

ሞይዲንን ማየት የሚፈልግ ሰው ይየው። ፓርቫቲ ትገባዋለች፣ ወንዙ ይገባዋል፣ አባትና ልጁ የሚተያዩበት ትዕይንት ለብዙ ቀን ከአእምሮ አይጠፋም። የማላያላም ሲኒማን የማያውቅ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይከስርም። ሲያልቅ ግን አንድ ሂሳብ ያስላ። ሞይዲን የሞተው በጁላይ 1982 ነው፤ ፊልሙ የወጣው በሴፕቴምበር 2015። በመካከሉ 33 ዓመት አለ። ካንቻናማላ በነዚያ 33 ዓመታት የሠሩት ሥራ ከሁለት ሰዓት ተኩሉ ውስጥ የለም።